የጦርነት ልብ ወለድንና ፊልሙን ጎን ለጎን እንዴት እንመርምር?

ከጦርነት ልብ ወለድ የተሠራ ፊልም አይቶ የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ጥያቄ «እንደ መጽሐፉ ነው ወይስ ቀይረውታል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሩቅ አያስኬድም፤ ብዙ መቶ ገጽ የፈጀ ትረካ በሁለት ሰዓት ምስል ውስጥ ሲገባ የሚቀነስና የሚለወጥ ነገር እንደሚኖር ፊልሙ ሳይታይም የታወቀ ነውና። የተቀየረውን ሁሉ እየለቀመ የሚመዘግብ ተመልካች በመጨረሻ በእጁ የሚቀረው ረጅም የልዩነት ዝርዝር ብቻ ይሆናል፤ ስለ መጽሐፉም ሆነ ስለ ፊልሙ የሚናገረው ቁም ነገር ግን አይኖረውም። በዚህ መመሪያ የማቀርበው አካሄድ ጠበብ ያለ ሲሆን ሁለት ጥያቄዎችን ብቻ ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድን ይጠይቃል። ጦርነቱን የምናየው በማን ዐይን ነው? ታሪኩስ የት ላይ ይቆማል? ደራሲውም ሆነ የፊልሙ ዳይሬክተር ስለ ጦርነት ያላቸውን ፍርድ በአፋቸው ባይናገሩት እንኳ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ መሸሸግ አይችሉም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፉንና ፊልሙን መምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው በጣም ያልረዘመ፣ ተራኪው ተለይቶ የሚታወቅና ከአንድ በላይ ፊልም የተሠራበት ልብ ወለድ ቢመርጥ ሥራው ይቀልለታል። እኔ የምመክረው የጀርመናዊውን የኤሪክ ማሪያ ሬማርክን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ልብ ወለድ «በምዕራብ ግንባር አዲስ ነገር የለም» ነው። መጽሐፉ በ1929 ታተመ፤ በዓመቱ ሉዊስ ማይልስቶን በአሜሪካ ፊልም ሠራበት፤ በ1979 ዴልበርት ማን ለቴሌቪዥን አዘጋጀው፤ በ2022 ደግሞ ኤድዋርድ በርገር በራሱ በደራሲው ቋንቋ በጀርመንኛ እንደገና ሠራው። አንድ መጽሐፍ በሦስት የተለያዩ ዘመናት ሲታይ የፊልም ሠሪው ምርጫ ከመጽሐፉ ተነጥሎ ጎልቶ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍም አብዛኛውን ምሳሌ የምወስደው ከእርሱ ነው።

ከምርጫው በኋላ የያዙት መጽሐፍና ያገኙት ፊልም ሙሉ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ይህ ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ የተሳሳተ ፍርድ የሚመነጨው ከዚህ ነው። የሬማርክ መጽሐፍ በ1929 በአሜሪካ ሲወጣ ለአንባቢ አይመጥኑም የተባሉ ክፍሎች ተቀንሰውለት ነበር። የሎታር ጉንተር ቡክሃይምን የሰርጓጅ መርከብ ልብ ወለድ መሠረት አድርጎ ቮልፍጋንግ ፒተርሰን በ1981 የሠራው ፊልም በሲኒማ ቤት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ በ1997 በዳይሬክተሩ ተቀናብሮ የወጣው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ በቴሌቪዥን በተከታታይ የቀረበው ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። በአጭሩ ቅጂ ላይ ተመሥርቶ «መርከበኞቹ የሚሰላቹበትን የመጠበቅ ጊዜ ፊልሙ ዘሎታል» ብሎ የጻፈ ሰው ረጅሙን ሲያይ ቃሉን መሻር ግድ ይሆንበታል። የስቴፈን ክሬንን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ልብ ወለድ ጆን ሂውስተን በ1951 ሲሠራው ደግሞ ስቱዲዮው ፊልሙን ወደ 69 ደቂቃ አሳጥሮ ከመጽሐፉ የተወሰደ ትረካ በላዩ ጨመረበት። ስለዚህ «ዳይሬክተሩ እንዲህ አደረገ» ከማለት በፊት ቅጂው የማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ጦርነትን በመጽሐፍ ሳይሆን በሕይወቱ ያወቀ ሰው፣ ወይም ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ሆኖ የሚመለከት፣ ከመጽሐፉ ይልቅ በፊልሙ ሊጠነቀቅ ይገባል። መጽሐፍ በማንኛውም ገጽ ላይ ሊዘጋ ይችላል፤ የፊልም ድምፅ ግን ሳይታሰብ ይደርሳል።

የትኛው ይቅደም?

በአብዛኛው መጽሐፉ ይቅደም እላለሁ። የፊልሙ ተዋናይ ፊት አንዴ ከተሣለ በኋላ በአንባቢው ሐሳብ ውስጥ ሌላ ፊት ለመፍጠር ቦታ አይገኝም። ከዚህም በላይ በመጽሐፍ ውስጥ መረጃ የሚገለጥበት ቅደም ተከተል ራሱ የታሪኩ አካል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህ ግልጹ ማስረጃ የጆሴፍ ሄለር «ካች 22» ነው። በ1961 የወጣው ይህ ልብ ወለድ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ውስጥ የሞተውን የወጣቱን ወታደር የስኖውደንን ሞት ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ እየጠቃቀሰ ያልፈዋል፤ አንባቢው አንዳች የሚዘገንን ነገር በአውሮፕላኑ ውስጥ እንደተፈጸመ ያውቃል፣ ምን እንደሆነ ግን የሚነገረው ከ42 ምዕራፎች በ41ኛው ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የሳቅነው ሁሉ ያን ጊዜ በጉሮሯችን ይቀራል። ማይክ ኒኮልስ በ1970 ፊልሙን ሲሠራ ይህን መመላለስ ጠብቆት ትዕይንቱን ደጋግሞ እያመጣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይገልጥልናል። በ2019 የወጣው ባለ ስድስት ክፍል ተከታታይ ግን ክስተቶቹን በጊዜ ቅደም ተከተል አሰልፏቸዋል። ተከታታዩን አስቀድሞ ያየ ሰው ታሪኩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ መጽሐፉ ያዘጋጀለትን ድንጋጤ ግን አያገኘውም።

ከዚህ የምለየው እንደ ቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» ያለውን የገጸ ባሕርያቱ ብዛት የሚያደናግር ግዙፍ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ፊልሙን አስቀድሞ ማየት ስሞቹንና ቤተሰቦቹን ለመለየት ይረዳል። ሰርጌይ ቦንዳርቹክ በ1966 እና በ1967 በአራት ክፍል ያወጣው ፊልም ሰባት ሰዓት ያህል የሚወስድ በመሆኑ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ አይደለም፤ እያንዳንዱን ክፍል አይቶ የሚዛመደውን የመጽሐፉን ክፍል ማንበብ የተሻለ ነው።

ሲያነቡ ምን ይመዝግቡ?

ገጹን በሁለት ዓምድ የከፈሉት አንድ ደብተር ይበቃል። በግራው ዓምድ የመጽሐፉን ምዕራፍና ገጽ ይጻፉ፤ የቀኙን ለፊልሙ ደቂቃ ባዶ ይተዉት። ሁሉን ነገር ለመመዝገብ አይሞክሩ። በመጀመሪያ ተራኪው «እኔ» ወይም «እኛ» እያለ የሚናገር መሆኑን፣ ወይም ከላይ ሆኖ ሁሉን የሚያይ መሆኑን፣ ከዚያም ይህ የሚለወጥበት ቦታ ካለ ያንን ቦታ ያስፍሩ። የሬማርክ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በወጣቱ ወታደር በፓውል ቦይመር አንደበት ይነገራል፤ «እኔ» የሚለው ድምፅ አብሮን ይበላል፣ አብሮን ይፈራል። በመጨረሻዋ ገጽ ላይ ግን ድምፁ በድንገት ይቋረጥና ሌላ ስሙ ያልተገለጸ ተራኪ በሁለት አጫጭር አንቀጾች ብቻ እርሱ በ1918 ጥቅምት ወር፣ ግንባሩ ሁሉ ጸጥ ባለበት ቀን፣ እንደወደቀና የጦሩ መግለጫ በዚያ ቀን አዲስ ነገር የለም ብሎ እንዳለፈው ይነግረናል። እንዴት እንደሞተ አይነገርም። የመጽሐፉ ትልቁ ክስተት በሰዋስው ውስጥ ተፈጸመ ማለት ይቻላል፦ አንደኛ መደብ ሞተና ሦስተኛ መደብ ተካው። ካሜራ «እኔ» እና «እርሱ» የሚሉትን ቃላት ስለሌሉት ይህን ሁኔታ ለማሳየት የግድ ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። በደብተርዎ ላይ በቀይ የሚሰመርበት እንዲህ ያለው ቦታ ነው።

ቀጥሎ ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፉ ዕቃዎችን ይከታተሉ፤ ፊልም ሠሪዎች ሐሳብን ከቃል ይልቅ በዕቃ መግለጽ ስለሚቀናቸው ዕቃው የሁለቱ ሥራዎች መገናኛ ይሆናል። በተጨማሪም ገጸ ባሕርዩ ምንም ሳያደርግ ዝም ብሎ የሚያስብባቸውን ገጾች ምልክት ያድርጉባቸው። እነዚህ ገጾች ለፊልም በጣም አስቸጋሪዎቹ ስለሆኑ ዳይሬክተሩ ወይ ይተዋቸዋል፣ ወይ በንግግር ይተካቸዋል፣ ወይም አዲስ ምስል ይፈጥርላቸዋል፤ የትኛውን እንደመረጠ ማወቅ ስለ ፊልሙ ብዙ ይነግራል።

ሲመለከቱ

መጀመሪያ ፊልሙን ያለማቋረጥ፣ ያለ ደብተር፣ እስከ መጨረሻው ይዩት። የጦርነት ፊልም ጉልበት የሚገኘው ከድካሙ ጭምር ስለሆነ በየአሥር ደቂቃው የሚያቆም ሰው ፊልሙ ሊያደርስበት የፈለገውን አያገኘውም። ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዩ ግን ደብተሩን ይዘው ምልክት ባደረጉባቸው ቦታዎች ላይ ብቻ እያቆሙ ደቂቃውን በቀኙ ዓምድ ይጻፉ። በዚህኛው ዙር የሚጠየቀው ካሜራው የት እንደቆመ ነው። ከምሽጉ ውስጥ ከወታደሩ ትከሻ ጋር ነው ወይስ ከላይ ሆኖ ሜዳውን ሁሉ ያያል? ጠላት ፊት አለው ወይስ ከሩቅ የሚንቀሳቀስ ጥላ ነው? ወታደሩ የማያየውን ነገር ተመልካቹ የሚያይበት ጊዜ አለ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ይጠቅማል። የ2022ቱ ፊልም ፓውልን ከምሽጉ ውስጥ ትቶ የጀርመኑ ተወካይ ማትያስ ኤርዝበርገር በኮምፒዬን ጫካ በባቡር ፉርጎ ውስጥ የተኩስ አቁም ስምምነት ሲደራደር ያሳየናል። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፣ ሊኖርም አይችልም፤ የሬማርክ ወታደር የሚያውቀው ሾርባ ደረሰ አልደረሰ የሚለውን እንጂ ጄኔራሎች ምን እንደተነጋገሩ አይደለም። ፊልሙ ይህን በመጨመሩ ተመልካቹ ከወታደሩ የበለጠ ያውቃል፤ በማወቁም የሰዓቱን መቅረብ እየቆጠረ ይጨነቃል። ጭንቀቱ ውጤታማ ነው፤ ነገር ግን ከመጽሐፉ የዕውርነት ስሜት የተለየ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ድምፅንም አይርሱ። በፊልም ላይ የሚሰማ የተራኪ ድምፅ መጽሐፉን ለመተካት ይሁን ወይስ ራሱን የቻለ ሥራ ለመሥራት የገባ መሆኑን ይመርምሩ። ጄምስ ጆንስ በ1962 ባሳተመው የጓዳልካናል ደሴት ውጊያ ልብ ወለድ ትረካው ከአንዱ ወታደር ልብ ወደ ሌላው እየዘለለ የአንድን ሻምበል ጦር ሰዎች ያዳርሳል። ቴረንስ ማሊክ በ1998 ሲሠራው የብዙ ወታደሮችን ድምፅ በምስሉ ላይ አሳረፈ፤ አንዳንዴ የሚናገረው ማን እንደሆነ እንኳ ለመለየት ያስቸግራል። የጆንስ ወታደሮች ስለ ሹመት፣ ስለ ፍርሃትና ስለ መጠጥ የሚያስቡ ሲሆን፣ የማሊክ ድምፆች ግን ስለ ተፈጥሮና ስለ ክፋት ምንጭ የሚጠይቁ ናቸው። ዘዴው ከመጽሐፉ የመጣ ነው፤ የሚባለው ግን የዳይሬክተሩ ነው።

ሦስት ቦታዎች በቅርብ ሲታዩ

ዘዴውን በተግባር ለማሳየት ከሬማርክ ሦስት ነገሮችን ልውሰድ። የመጀመሪያው ጫማው ነው። ኬመሪች የተባለው ወታደር እግሩ ተቆርጦ በሆስፒታል ሲያጣጥር ጓደኛው ሙለር ከለስላሳ ቆዳ በተሠራው ጫማው ላይ ዐይኑን ይጥላል። ሙለር ክፉ ሰው አይደለም፤ ጫማው ለሟች እንደማይጠቅም ያውቃል፣ ያ ብቻ ነው። ሙለር ሲሞት ጫማው ለፓውል ይደርሳል፤ ፓውልም ከእርሱ በኋላ ለሌላ ጓደኛው እንደሚሆን አስቀድሞ ቃል ገብቷል። ማይልስቶን በ1930 ይህን ወደ አጭር የምስል ሰንሰለት ለወጠው፦ ጫማው ይራመዳል፣ የለበሰው ይወድቃል፣ ሌላው ይለብሰዋል። በርገር ደግሞ ጫማውን ትቶ ሐሳቡን ወደ ደንብ ልብስ አዛወረው። ፊልሙ የሚጀምረው በአንድ ወታደር ሞት ሲሆን፣ የሟቹ ልብስ ከሬሳው ላይ ይወልቃል፣ ይታጠባል፣ የጥይት ቀዳዳው በስፌት መኪና ይጠገናል፣ ከዚያም አዲስ ለተቀጠረው ለፓውል ይሰጣል። ፓውል አንገትጌው ላይ የሌላ ሰው ስም አይቶ «ይህ የሌላ ሰው ነው» ሲል መዝጋቢው ልኩ አልሆነለትም ብሎ ስሙን ቀድዶ ይጥለዋል። ይህ ትዕይንት በመጽሐፉ ውስጥ በጭራሽ የለም፤ እኔ ግን ከመጽሐፉ ጋር በጣም የተስማማው የፊልሙ ክፍል ይህ ነው እላለሁ። «እንደ መጽሐፉ ነው?» የሚለው ጥያቄ እንዲህ ያለውን ነገር ሊያሳየን አይችልም።

ሁለተኛው ፓውል ለዕረፍት ወደ ቤቱ የሚመለስበት ምዕራፍ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ በድሮ ክፍሉ ተቀምጦ በመደርደሪያው ላይ የተሰለፉትን መጻሕፍት ያያል፤ ያ የቀድሞ ጉጉት እንዲመለስለት ይጠብቃል፣ አንዱን አውጥቶ ያገላብጣል፣ ሌላውን ይጨምራል፣ ቃላቱ አይደርሱትም፤ ቀስ ብሎ ወደ ቦታቸው መልሷቸው ይወጣል። ምንም የሚሆን ነገር የለም፤ ነገር ግን የአንድ ትውልድ መክሰር በዚያች ክፍል ውስጥ አለ። የ1930ው ፊልም ይህን ዝምታ በንግግር ተካው፦ ፓውል ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ገብቶ አዲሶቹን ተማሪዎች ለአገር መሞት የሚያምር ነገር እንዳልሆነ ይነግራቸዋል፣ እነርሱም ፈሪ ይሉታል። በመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ንግግር አያደርግም። የ2022ቱ ደግሞ የዕረፍት ጉዞውን ከነጭራሹ ትቶታል። ፊልሙ በምስልም በድምፅም የሚደነቅ ቢሆንም ይህን መተዉ ትልቁ ጉድለቱ ይመስለኛል፤ ወታደሩ በግንባር ብቻ ሲታይ ጦርነቱ የሚገድለው ሥጋን ብቻ ሆኖ ይቀራልና።

ሦስተኛው በቦምብ ጉድጓድ ውስጥ የሆነው ነው። ፓውል ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ሳለ አንድ ፈረንሳዊ ወታደር በላዩ ይወድቅበታል፤ በደመ ነፍስ በጩቤ ይወጋዋል። ሰውየው ወዲያው አይሞትም። ፓውል ቁስሉን ያስርለታል፣ ከጉድጓዱ የቀዳውን ውሃ ያጠጣዋል፣ ሲያጣጥር ሰዓታት ሙሉ ይሰማል፤ ሰውየው ሲሞት ደግሞ ጮክ ብሎ ያናግረዋል፣ ከቦርሳው የሚስቱንና የልጁን ፎቶ ያወጣል፣ ስሙ ዤራር ዱቫል፣ ሥራው ማተሚያ ቤት እንደሆነ ያነባል፣ ቤተሰቡን እንደሚረዳም ይምላል። ይህ ለፊልም የተመቸ ነው፤ ንግግሩ ራሱ ጮክ ተብሎ የተነገረ ነውና የትኛውም ፊልም ሊያልፈው አልፈለገም። መፈተን ያለበት ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። በመጽሐፉ ፓውል ወደ ጓደኞቹ ሲመለስ አንድ አነጣጥሮ ተኳሽ የመታቸውን ሰዎች እየቆጠረ ሲደሰት ያሳዩታል፤ እርሱም ጦርነት ጦርነት ነው ብሎ ያልፋል። መሐላው አንድ ቀን እንኳ አልቆየም። አንድ ፊልም የጉድጓዱን ሐዘን አሳይቶ ይህን መደንዘዝ ከተወ፣ ተመልካቹ የሚያየው የተጸጸተ ሰው ነው፤ ሬማርክ የጻፈው ግን መጸጸት እንኳ የተነጠቀውን ሰው ነው። ሁለቱን ወይም ሦስቱን ፊልሞች በዚህ ነጥብ ላይ አቁመው ከጉድጓዱ ቀጥሎ ያለው ትዕይንት ምን እንደሆነ ይመዝግቡ።

መጨረሻው

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። መጨረሻው ሲነጻጸር ማን ሞተ ማን ተረፈ ብቻ ሳይሆን ሞቱ ትርጉም ተሰጥቶታል ወይ የሚለው መታየት አለበት። ሬማርክ አልሰጠውም። ማይልስቶን ቢራቢሮ ለመያዝ የተዘረጋ እጅ አሳየን፣ ጥይት ተሰማ፣ እጁ ደርቆ ቀረ፤ በምስሉ ላይ የሚታየው እጅ የራሱ የዳይሬክተሩ ነው። በርገር ደግሞ ሞቱን ከጥቅምት ወደ ኅዳር 11 አዛወረው፤ ተኩስ ሊቆም ደቂቃዎች ሲቀሩት አንድ ጄኔራል የመጨረሻ ጥቃት ያዝዛል፣ ፓውልም በሳንጃ ተወግቶ ይሞታል። የመጀመሪያው ሞት ማንም የማያስተውለው፣ ሁለተኛው የሚያሳዝን ውበት ያለው፣ ሦስተኛው ወንጀለኛው ተለይቶ የሚታወቅ ነው። የጓደኛው የካት ሞትም እንዲሁ ነው፦ በመጽሐፉ ፓውል የቆሰለውን ጓደኛውን ተሸክሞት ሲሄድ የደረሰችው ፍንጣሪ ትገድለዋለች፤ በ2022ቱ ፊልም ግን የሚገድለው ዕንቁላል የሰረቁበት ገበሬ ልጅ ነው። አደጋ የነበረው በቀል ሆነ።

የፒየር ቡል «የክዋይ ወንዝ ድልድይ» ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነው። በ1952 በፈረንሳይኛ የወጣው ልብ ወለድ ሲያልቅ ድልድዩ አይፈርስም፤ ለጠላት ድልድይ በመሥራት የኮራው እንግሊዛዊው ኮሎኔል ኒኮልሰን ሥራውን ከራሱ ወገን ያድነዋል፣ ምጸቱም እስከ መጨረሻው አይላላም። ዴቪድ ሊን በ1957 ባወጣው ፊልም ግን ኮሎኔሉ በመጨረሻዋ ደቂቃ ምን እንዳደረገ ይገባዋል፣ ተመትቶ በፈንጂው ማቀጣጠያ ላይ ይወድቃል፣ ድልድዩም ከነባቡሩ ይፈርሳል። ለተመልካች የሚያረካው ይህ እንደሆነ አልክድም፤ ያን ያህል ሰዓት ሲሠራ የቆየ ድልድይ ሳይፈነዳ ቢቀር ሲኒማ ቤቱ ያጉረመርም ነበር። ቢሆንም መጽሐፉ ስለ ግትርነት የሚናገር ሲሆን ፊልሙ ስለ መንቃት የሚናገር ሆኗል፤ ሁለቱ አንድ ታሪክ አይደሉም።

መጨረሻው ሲቀየር የመጽሐፉ ክስ አብሮ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። የማይክል ኦንዳቼ «እንግሊዛዊው ሕመምተኛ» በ1992 ሲታተም ወደ ማብቂያው ላይ ከሕንድ የመጣው የፈንጂ አምካኝ ኪፕ በሂሮሺማ ላይ ቦምብ መጣሉን በሬዲዮ ይሰማል፤ ያገለገለው ኃይል በእስያ ሰዎች ላይ ያደረገውን ሲረዳ ጠመንጃውን በሕመምተኛው ላይ ይደግናል፣ ከዚያም ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። አንተኒ ሚንጌላ በ1996 የሠራውና ዘጠኝ ኦስካር ያገኘው ፊልም ሂሮሺማን አያነሣም፤ ኪፕም ወደ ዳር ይገፋል፣ የበረሃው ፍቅር መሐሉን ይይዛል። እዚህ ላይ ተቀነሰ የሚባለው አንድ ትዕይንት ሳይሆን መጽሐፉ ጦርነቱን ያየበት አንዱ ዐይን ነው። የሾሄይ ኦካ የፊሊፒንስ ጦርነት ልብ ወለድም በዚህ መንገድ ሊመረመር ይችላል፦ መጽሐፉ ውስጥ ተራኪው ከጦርነቱ ተርፎ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ሲጽፍ፣ በኮን ኢቺካዋ የ1959 ፊልም ግን እጁን አንሥቶ ወደ ጭሱ ሲሄድ ሜዳው ላይ ይወድቃል። ከሞት የሚከፋ መትረፍ አለ የሚለው የመጽሐፉ ሐሳብ በፊልሙ በሞት ተዘግቷል።

ከፊልሙ በስተጀርባ

ለውጡን ካዩ በኋላ ምክንያቱን ለመገመት ከመቸኮል ይልቅ ፊልሙ መቼ፣ የትና በማን ድጋፍ እንደተሠራ ያጣሩ። የጄምስ ጆንስ የሃዋይ ሠራዊት ልብ ወለድ በ1951 ሲወጣ ወታደሩን የሚያሠቃየው ሻምበል ወደ ሻለቃነት ያድጋል፤ በፍሬድ ዚነማን የ1953 ፊልም ግን ከሠራዊቱ እንዲለቅ ይገደዳል። ፊልሙ የተቀረጸው በእውነተኛው ሰፈር፣ በአሜሪካ ጦር ትብብር መሆኑን ሲያውቁ ለውጡ የጥበብ ምርጫ ብቻ እንዳልነበረ ይረዳሉ። የስታንሊ ኩብሪክ የ1957 ፊልም፣ በሃምፍሪ ኮብ ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ የፈረንሳይ ጦር የራሱን ወታደሮች ሲረሽን ያሳየው፣ በፈረንሳይ የታየው በ1975 ነው። የማይልስቶን ፊልም በ1930 ማብቂያ በርሊን ላይ ሲታይ የናዚ ደጋፊዎች አዳራሹ ውስጥ ነጭ አይጦች ለቀው፣ የሚሸት ቦምብ ወርውረው በተኑት፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ፊልሙ ታገደ። በዚህ ክፍል ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ የታሪክ መረጃ ትዕይንቱን ለማብራራት እንጂ ትዕይንቱን ለመተካት ከገባ ምርመራው መስመሩን ይስታል።

ስሙን እንኳ የለወጠ፣ አገሩንም ዘመኑንም ያዛወረ ፊልም ቢገጥምዎ ዘዴው አይለወጥም። ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ በ1979 የጆሴፍ ኮንራድን የኮንጎ ወንዝ ታሪክ ወደ ቬትናም ሲያመጣው የጠበቀው ወንዙን፣ ጉዞውንና በጉዞው ማብቂያ የሚጠብቀውን ሰው ብቻ ነው። አንድሬይ ታርኮቭስኪ ደግሞ በ1962 ከቭላዲሚር ቦጎሞሎቭ አጭር ልብ ወለድ ፊልም ሲሠራ አንድ የጦር መኮንን ስለ ሕፃኑ ሰላይ ይተርክ የነበረውን ታሪክ በሕፃኑ ሕልሞች ሞላው። ዐይኑ ከመኮንኑ ወደ ልጁ ተዛወረ ማለት ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገለጽ ለውጥ ነው፣ ፊልሙን ግን ሙሉ በሙሉ ሌላ አድርጎታል።

ያገኙትን መጻፍ

ለመወያያ ወይም ለጽሑፍ ሲያዘጋጁት ከአጠቃላይ ፍርድ አይነሡ። በደብተርዎ ላይ ሁለቱም ዓምዶች የተሞሉበትን አንድ ቦታ ይምረጡ፤ በመጽሐፉ የሆነውን በራስዎ ቃል ያስቀምጡ፣ በፊልሙ የሚታየውንና የሚሰማውን እንዲሁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ልዩነቱ ከሁለቱ ጥያቄዎች ለየትኛው መልስ እንደሚሰጥ ይጻፉ። «ፊልሙ ጥልቀት ይጎድለዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከጻፉ ሰርዘው የትኛው ገጽ በየትኛው ደቂቃ ላይ እንደጎደለ ይተኩበት። በቡድን ከሆነ ግማሹ መጽሐፉን ብቻ፣ ግማሹ ፊልሙን ብቻ ይዞ ቢመጣና መጨረሻውን እርስ በርስ ቢተራረኩ ክርክሩ ቶሎ ይሞቃል፤ የቡልን ድልድይ ለዚህ የሚስተካከለው የለም።

ከሬማርክ ቀጥሎ የኢያን ማክዩዋንን የ2001 ልብ ወለድ «አቶንመንት»ንና ጆ ራይት በ2007 የሠራውን ፊልም ብመክር ደስ ይለኛል፤ በፈረንሳይ የዳንከርክ ጠረፍ ላይ ሳይቆረጥ አምስት ደቂቃ ያህል የሚዘልቀውን ቀረጻ ከማፈግፈጉ ምዕራፍ ጋር፣ ታሪኩን እንደጻፈች የምትገለጠውን የአሮጊቷን ደራሲ የመጨረሻ ክፍል ደግሞ በፊልሙ ውስጥ ወደ ቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ከተለወጠው ጋር ያስተያዩ። ከዚያ የቺማማንዳ ንጎዚ አዲቺ የናይጄሪያው የቢያፍራ ጦርነት ልብ ወለድ «የቢጫ ፀሐይ ግማሽ» ይከተል፤ መጽሐፉ በ1960ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ መካከል ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ አንድ የቤተሰብ ምስጢር ያዘገያል፤ በ2013 ቢዪ ባንደለ ባዘጋጀው ፊልም ምስጢሩ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሚገለጥና ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ጦርነት በምን ዓይነት ስሜት እንደሚታይ ይመዝግቡ። ቶልስቶይንና ቦንዳርቹክን ግን ቢያንስ ሦስት ሥራዎችን በዚህ መንገድ ሳይመረምሩ አይንኩ።